የዴስሞንድ ፒኬት ቦርሳ

የሟቹ ሱሪ ዚፕ ክፍት ነበር። ሳጅን ፌንተን በሟቹ ፈንታ አፍሮ ሊዘጋለት ጎንበስ ሲል ኢንስፔክተር ኤድና ሎፍትሃውስ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው።»

«ሰው እንዲህ ሆኖ ሲታይ ደስ አይልም፣ ኢንስፔክተር።»

«እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አያፍርም። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ነገር አለ።»

ዴስሞንድ ፒኬት፣ የስልሳ ስድስት ዓመት ጡረተኛ፣ ክሮው ስካር ከሚባለው ገደል ሥር እርጥብ ሣር ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ የጀርባ ቦርሳው ወድቋል። የቦርሳው ማንገቻ አልተበጠሰም፤ ደረት ላይ የሚቆለፈው ማያያዣ ግን ተፈትቷል። ቦርሳውን ዝናብ የማያስገባ ብርቱካናማ ልባስ ሸፍኖታል። በዚያ ጉም ውስጥ ከሩቅ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተሯ የልባሱን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ከፋብሪካ የመጣበት ወረቀት አሁንም ተንጠልጥሎበታል፤ የመጀመሪያው እጥፋት እንኳ አልለቀቀም። ከሥሩ ያለው የቦርሳው ጨርቅ ጥቂት የዝናብ ጠብታ ብቻ ነው ያረፈበት።

«የነፍስ አድን ሰዎቹ ነክተውታል?»

«ማንም አልነካውም። ሲያገኙት እንዲሁ ነበር።»

ከዚያ እያለከለከች አፋፉ ላይ ወጣች። ኤድና ሎፍትሃውስ ጉልበቷን የሚያማት፣ ዕረፍት ወጣሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ በዝናብ የሚኳትንን ሰው ጤንነት የምትጠራጠር ሴት ናት። እኔም በዚህ አልፈርድባትም። ከአፋፉ አሥር እርምጃ ያህል ወዲህ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ ወዲህ ደግሞ የእግር መንገዱ ያልፋል።

«ሳጅን፣ ሰውዬው እዚህ የቆመው ሊሸና ነው።»

«ታዲያ አዳልጦት ይሆናላ።»

«ይሁን። ቦርሳውንስ ምን አዳለጠው? ጀርባው ላይ ቢሆን ኖሮ ማያያዣው እንደተቆለፈ ይገኝ ነበር።»

ሳጅን ፌንተን ወደ ገደሉ አየ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ከፒኬት ጋር የነበሩት የእግር ተጓዦች ያረፉት ሸለቆው ውስጥ ካለችው የሚስስ ዶብሰን የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ስለዋጠው፣ ከትራክተር በቀር የሚሻገር ነገር አልነበረም። ውሃው እስኪጎድል ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ የጉዞው መሪ ቴስ ዊልኪን፤ ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ሩፐርት ጎፍና ሚስቱ አይሪን፤ ማርጆሪ ኔልሰን፤ እንዲሁም በሚቀጥለው ወር ማርጆሪን የሚያገባት ኮሊን ብሬይ። ከመሪዋ በቀር ሁሉም ለዓመታት አብረው የተጓዙ የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው።

ኢንስፔክተሯ በር ላይ እንደቆመች ተናገረች።

«ሚስተር ፒኬት አልወደቁም፤ ተገፍተው ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ደግሞ ከእናንተ በቀር ሰው አልነበረም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ፍርሃት ያዘው። የተቀዳው ሻይ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ፤ ማን እንደቀዳው የሚያስታውስ አልነበረምና። አይሪን ከባሏ ራቅ ብላ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ሲፈነዳ አምስቱም ባንድነት ዘለሉ። መንገድ ዘግቶ የሚያወራው ሩፐርት እንኳ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስራል።

ከሁሉ ይልቅ የፈራችው ማርጆሪ ናት። ጠዋት ቁርስ ላይ ዴስሞንድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ከእራት በፊት ለብቻሽ የምነግርሽ አለኝ፤ የሃሮልድ ነገር ነው» ብሏት ነበር። ሃሮልድ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በረዷማ ተራራ ላይ የሞተ ባሏ ነው። ይህን የዴስሞንድን ቃል የሰማችው እሷ ብቻ ነች። እሷ ደግሞ ለአንድ ሰው ነግራለች።

ኢንስፔክተሯ ለጥያቄ የመረጠችው የእርጥብ ጫማና ካልሲ ማድረቂያውን ክፍል ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሙቀት ያለው እዚያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቴስ ገባች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ስትመራ ይህ የመጀመሪያ ዓመቷ ነው።

«ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ ልጄ?»

ቴስ የኪስ ደብተሯን ገለጠች። «አምስት ሰዓት ከሃያ። አቁሜያቸው የዝናብ ልብስ አስለበስኩ። አብረውኝ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሩፐርት፣ አይሪንና ማርጆሪ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ቦታችን ድረስ ከዓይኔ አልተለዩም።»

«ሁለት ሰው ሲጎድልሽ አልደነገጥሽም?»

«ኮሊን ጭራችን ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚሄደው እሱ ነው፤ ከእሱ ኋላ ሰው አይቀርም። ዴስሞንድም አብሮት ነው ብዬ...» ደብተሯን ዘጋች። «ሰው የጠፋብኝ እኔ ነኝ አይደል?»

«እሱን እንደርስበታለን። አንድ ሰው ለሽንት ዞር ማለት ሲፈልግ ምን ያደርጋል?»

«ቦርሳውን መንገዱ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ቦርሳ ያየ የኋላ ሰው ባለቤቱ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ሳልወለድም የነበረ ሕግ ነው።»

ሩፐርትና አይሪን ጎፍ አብረው ገቡ። አይሪን ከባሏ ጋር ብቻዬን አልቀመጥም፣ ያለ እሱም አልገባም ብላ ሰውን አስቸግራ ነበር።

«ትናንት ማታ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል አሉ፣ ሚስተር ጎፍ።»

«ስለ ቦርሳ ልባስ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሌላው ሰው በሃይማኖት ይጣላል» አለች አይሪን፤ «የእኔው ደግሞ በላስቲክ።»

«ልባስ የሚያደርግ ሞኝ ነው አለኛ! ነፋስ ይወስደዋል ባይ ነው። እሱ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ውስጥ ነው የሚከተው። አዲሱ ቦርሳው ከነልባሱ ነው የመጣው፤ እስክሞት አልፈታውም ብሎ ፎከረብኝ።» ሩፐርት የተናገረውን ራሱ ሰምቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል አይደል?» አለች አይሪን። «ሁለት ቢራ ሲጠጣ፣ 'ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ነገ አወርዳለሁ' አለ። ሁላችንም ሰምተናል። ሃሮልድ የሞተ ጊዜ ተራራው ላይ አብረውት የነበሩት ዴስሞንድና ኮሊን ናቸው። ሃሮልድ ወድቆ ወዲያው ነው የሞተው፤ እንዲያ ነው የተነገረን።»

ኮሊን ብሬይ ሲገባ ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ስታሸት አየና፣ ሳይጠየቅ እግር ማሳረፊያ ሳጥን ፈልጎ አቀረበላት። እንዲህ ያለ ሰው ነው። በሠላሳ ዓመት ጭራነቱ ያላሰረው የሰው ጫማ፣ ያልተሸከመው የደካማ ዕቃ የለም።

«ዴስሞንድ ጫማውን ሲያስር ጠበቅኩት» አለ፤ «ከዚያ ቀድሞኝ ሄደ። ዝናቡ ገና አልጀመረም ነበር። ከእነቴስ ጋር የደረሰ መስሎኛል።»

«መንገድ ላይ ቦርሳ አላዩም?»

«አላየሁም። ባይ ኖሮ ቆሜ እጠብቀው ነበር።»

መጨረሻ ላይ ማርጆሪ መጣች። ወንበሩን አልሳበችም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«ዴስሞንድ ሊነግርዎት የፈለገው ነገር ነበር?»

«ስለ ባሌ... ስለ ሃሮልድ። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እንዲህ ብሎኛል ብለው ለማን ነገሩ?»

ማርጆሪ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ለማንም» አለች።

ኢንስፔክተሯ ሴትዮዋን አይታ አዘነችላት። ማርጆሪ የፈራችው ለነፍሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። የሚሰማ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ እንዳትሰማው ነው የምትሸሸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሁሉም የምግብ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሳጅን ፌንተን በሩን ዘግቶ ቆመበት። ኢንስፔክተሯ ቦርሳውን ከነልባሱ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አይሪን ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

«ሚስተር ፒኬት የሞቱት ሲሸኑ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የማኅበራችሁን ሕግ አክብረው ከሆነ ቦርሳቸው ከካቡ ወዲህ መንገድ ላይ መቅረት ነበረበት። የተገኘው ግን ገደል ሥር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወርውሮታል። ለምን?»

ኢንስፔክተሯ ቦርሳውን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረገችው።

«ልብ በሉ፤ ቦርሳው መንገድ ላይ ቢቀር ለገዳዩ የተመቸ ነበር። ሁላችሁም ያንን አይታችሁ፣ ምስኪን ሽንቱን ሊሸና ወጥቶ አዳለጠው ትሉ ነበር፤ እኔም እዚህ አልመጣም። ታዲያ ቦርሳው እዚያ መገኘቱ የሚያስፈራው ማንን ነው? ቦርሳ ሲያይ ቆሞ የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሰው። ለምን አልጠበቅክም ተብሎ የሚጠየቀውን።»

አራት ጥንድ ዓይኖች ወደ ኮሊን ዞሩ። ኮሊን የማርጆሪን እጅ እንደያዘ ነው።

«ቀድሞኝ ሄዷል አልኩዎት» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ሌላ ሰው ከፊት ጠብቆት ሊሆን ይችላል።»

«እኔም እንዲያ ብዬ አስቤ ነበር፤ ይህ ልባስ ባይኖር።» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይህን ልባስ ሚስተር ፒኬት እስክሞት አልፈታውም ብለዋል፤ ቃላቸውንም የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ሆኖም ዛሬ ተፈትቷል። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነክቶታል። እንግዲህ የለበሰው ዝናቡ እንደጀመረ ነው፤ ቀደም ብሎም፣ ብዙ ቆይቶም አይደለም። በዚያች ሰዓት ቴስ ሦስቱን አጠገቧ አቁማ ነበር፤ በደብተሯ ላይ ተጽፏል። ሰው የጠፋባት እሷ አይደለችም። ከኋላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሌላ ሰው ቦርሳ ሲረጥብ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው።»

ማርጆሪ እጇን ከኮሊን እጅ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች፤ ከእባብ አፍ እንደምታወጣ ሰው።

«ለኮሊን ነው የነገርኩት» አለች ለኢንስፔክተሯ። «ቁርስ ላይ። ለእሱ ብቻ።»

ኮሊን ቦርሳውን ብዙ አየው።

«እየረጠበበት ነበር» አለ። «ልባሱን አልብሼለት ቆምኩ። ያኔ ክፉ ነገር አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው። ከካቡ ማዶ ሆኖ፣ 'ዛሬ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ አንተም ትገላገላለህ' አለኝ። ካቡን ተሻገርኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።»

አይሪን ማልቀስ ጀመረች። ሩፐርት ሊያቅፋት ሞክሮ፣ ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ እጁን አየር ላይ አቆመው፤ እሷው ሳበችው።

ማርጆሪ ግን ከንፈሯ ነጥቶ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ የሸሸችው ነገር ፊቷ ቆሟል። ከእንግዲህ የሚገድላት ሰው የለም፤ እሷ ግን ካለፉት ሰዓታት ሁሉ ይልቅ የፈራችው አሁን ነው።

«ሃሮልድን ትታችሁት ስትወርዱ በሕይወት ነበር?»

«ማርጆሪዬ...»

«እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ነበር። እግሩ ነው የተሰበረው። ዴስሞንድ እርዳታ ሊጠራ ወረደ፤ እኔ ከሃሮልድ ጋር እንድቆይ ነበር። ሲጨልም ፈራሁ። አትሂድ አለኝ፤ ሄድኩ። ዴስሞንድ እታች መንገድ ላይ ብቻዬን አገኘኝ፤ እንዳይናገር ለመንኩት። ጠዋት ስንመለስ ሞቷል፤ ግን...»

«ግን ምን?»

«ከቦታው ተንቀሳቅሶ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል። በሆዱ እየተሳበ።»

«ወዴት?»

ኮሊን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ ወደ ሄድኩበት።»

ማርጆሪ ወንበሯን ከእሱ አራቀች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምንም ሳይሰማው ነው የሞተው ስትለኝ» አለች፣ «አመሰግንህ ነበር።»

ሳጅን ፌንተን ኮሊንን ክንዱን ይዞ አስወጣው። ውጭ ትራክተሩ ሲነሳ ማርጆሪ ወደ መስኮቱ አልሄደችም። ማልቀስ የሚገባትን ያህል እንኳ አላለቀሰችም። ቴስን ወደ አጠገቧ ጠርታ፣ ሃሮልድ የሞተበትን ተራራ ስም ነገረቻትና መንገዱን ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቴስ አውቀዋለሁ አለች።