የመጨረሻው ረድፍ

ኢንስፔክተሯ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ቆየችና ወገቧን ይዛ ተነሣች። ጡረታዋ ተቃርቧል፤ ሞት ማየት ሰልችቷታል። ሟቹ የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር ነበር። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ከጎኑ መሰላል ወድቋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስቶሪቦርድ ተሸፍኗል፤ ፊልሙ ገና ሳይሠራ እያንዳንዱ ትዕይንት በእርሳስ ተሥሎ በተራ በተራ ተለጥፏል።

«ሥዕል ሊለጥፍ ወጥቶ ነው የወደቀው» አለ የፊልሙ የሙዚቃ ደራሲ።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት ጠዋት። ከዚያ ወዲያ ከቤቴ አልወጣሁም።»

ታሪኩን የጻፈችው የሟቹ እህት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«ትናንት ምን ይሠራ ነበር፣ እህቴ?»

«መጨረሻውን ሲቀይር ነበር። ከምሳ በኋላ የታችኛውን ረድፍ ቀዳዶ እንደ አዲስ መሣል ጀመረ። ‹ሲያልቅ ታያላችሁ› ብሎ በሩን ዘጋብን።»

«ስንቴ አፈረሰብን!» አለ ሥዕሎቹን የሚያንቀሳቅሰው አኒሜተር። «አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ግን እንደሱ የሚሥል የት ይገኛል? እሷና እኔ አዲሱን ሥዕል ሳናየው አብረን ወጣን።»

ኢንስፔክተሯ እያቃሰተች ወደ ታችኛው ረድፍ አጎነበሰች። በሥዕሎቹ ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮት ዳር ብቻውን ተቀምጧል። ከየሥዕሉ ሥር «ሙዚቃ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ለማንም ሳትናገር ወደ ሙዚቃ ደራሲው ተመለሰች።

«ዜማዎችዎ ድንቅ ናቸው አሉ።»

«ምን ዋጋ አለው! ያን ሁሉ ለፍቼ መጨረሻው ላይ አንዲት ዜማ እንኳ አልተወልኝም።»

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ውጤቱን ከነገራት በኋላ ሦስቱን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«የላይኞቹ ሥዕሎች ከተለጠፉ ሰንብተዋል» አለች። «ትናንት የተለጠፈው ይኸው ከጉልበቴ በታች ያለው ነው። ለዚህ መሰላል ምን ያደርጋል? ያመጣው ሌላ ሰው ነው።» ወደ ሙዚቃ ደራሲው ዞረች። «ሙዚቃው የቀረው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። አብረውት የሚሠሩት እንኳ አላዩም፤ ዛሬም ከእኔ በቀር ወደዚህ ረድፍ የተጠጋ የለም። እርስዎ ካልተመለሱ ማን ነገረዎት?»

«እሱ… በስልክ።»

«ስልኩ እኔ ጋ ነው» አለች እህቱ ቀስ ብላ። «ሥራ እንዳይፈታ ትናንት ይዤበት ወጣሁ።»

የሰውየው ትከሻ ወረደ።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት። ‹ደክሞኛል፣ ሂድልኝ› አለኝ። ገፋሁት። የጠረጴዛው ጠርዝ መታው…» ቀና አለ። «ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደል?»

ኢንስፔክተሯ እህቱን አየቻት። ለእሷ ስትል መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ አቅም አጣች።

«አይደለም» አለች። «ብዙ ቆይቷል ይላል ሐኪሙ። ሰው ቢጠሩለት ይተርፍ ነበር።»