አንቺው አንብቢልኝ

አምለሰት ከእንድሪያስ ጋር የተዋወቀችው ሞተር አስጠፍታው ነው።

ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። የዚያን ቀን የነጭ ዓባይን ድምፅ ለተማሪዎቿ ልትቀዳ ስልኳን ይዛ ጁባ ወደብ ወረደች። አንድ መካኒክ የጭነት ጀልባ እየጠገነ ነበር። ሞተሩ ጆሮ እያደነቆረ ውሃው ከየት ይሰማ!

«ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ታጠፋልኛለህ?»

ግሪስ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። «ለምን?»

«ወንዙን ለተማሪዎቼ ልቀዳው።»

ሳቀ፤ አጠፋውም። አለቃው ከላይ ሲጮህበት «ማፊ ሙሽኪላ!» ብሎ አረጋጋው፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ከዚያ ጠጋ ብሎ «እዚህ ጋ አይደለም፣ ቲቸር። ድንጋዩ ሥር ነው የሚያወራው» አላት። እውነቱን ነበር።

እንድሪያስ የሚገርም ጆሮ አለው። የሞተርን ሕመም ቆሞ በማዳመጥ ብቻ ይደርስበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ የሚያጓራ ጉማሬ፣ የሚፈላ ውሃ እየቀዳ በየሳምንቱ ያመጣላት ጀመር። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የወንዙን ጭቃ ይዳስሳሉ፤ ከጭቃው ዓሣና ጀልባ ሠርተው በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ያነሱታል። ፎቶዎቹ ቪዲዮ ሆነው ዓሣው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሲዋኝ ያየ ልጅ ትምህርቱን እንዴት ይርሳው? «ይሄ ጨዋታ ነው» ስትል የነበረችው ርዕሰ መምህርቷ ቲና እንኳ የፈተናውን ውጤት አይታ አጨበጨበች።

እንድሪያስም ድምፅ ማጉያውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ይቀመጣል። አምለሰት ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ታቀረቅራለች፤ ደግማ ቀና ትላለች። ወዳዋለች፣ ምን ይደበቃል!

እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። በዚህ መሃል ኮንትራቷ አለቀ፤ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አገኘች። ኮንትራቱን ታድስ እንደሆነ ለቲና ዓርብ ቁርጡን መንገር አለባት። ለእንድሪያስ በአፏ ለመናገር ስላፈረች ሰኞ ዕለት የልቧን ሁሉ ዘርዝራ ረጅም መልእክት ጻፈችለት። «ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ፤ እስከ ዓርብ ጠዋት እጠብቅሃለሁ» ብላ ጨረሰች።

ማክሰኞ መልስ የለም። ረቡዕም የለም። ሐሙስ «ንቆኛል» ብላ አልቅሳ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

ዓርብ ጠዋት ቲናን ልትሰናበት ስትሄድ እንድሪያስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሰላም እንኳ ሳይላት ስልኩን ዘረጋላት።

«አንቺው አንብቢልኝ።»

«ትቀልዳለህ?» አለችው።

«ማንበብ አልችልም፣ አምለሰት። ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ ይሯሯጡብኛል። መምህሬ ደደብ ነህ እያለ ሲገርፈኝ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ወጣሁ። ያንቺን ልጆች ባየሁ ቁጥር፣ ምነው እኔንም እንዲህ ባስተማሩኝ እላለሁ።»

«ታዲያ ሰው አታስነብብም ነበር?»

«የሚመጣልኝን ሁሉ የሚያነብልኝ ወደብ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ይልማ ነው። ፎቶሽን አይቼ ያንቺ መሆኑን ሳውቅ ግን ሌላ ወንድ ቀድሞኝ እንዲያየው አልፈለግሁም። ወደ አንቺ እንዳልመጣ ደግሞ አፈርኩ፤ ልትሄጂ ነው ሲሉኝ ግን አላስቻለኝም። አንቺ ቲቸር፣ እኔ...»

የሳምንቱ ንዴቷ በአንዴ ጠፋ። ስልኩን ተቀበለችው። ላለመናገር ብላ የጻፈችውን አሁን ፊት ለፊቱ ቆማ ልትናገረው ነው።

«ድምፄ ይንቀጠቀጣል።»

«ግድ የለም። ቀስ በይ፣ እሰማሻለሁ።»

አነበበች። መጀመሪያ ለመገላገል ያህል ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ ቃሉ የራሷ መሆኑ ሲሰማት ቀስ እያለች። እንድሪያስ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ቅሪ ካልከኝ...»

«ቅሪ» አላት፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳታስጨርሰው። «ቅሪልኝ። ለቤተሰቦችሽም ሽማግሌ እልካለሁ።»

አምለሰት ስልኩን መለሰችለት። እጁን ይዛ ቲና ቢሮ ገባችና አዲሱን ኮንትራት ፈረመች።