የአምበሉ ዱላ

ኤልቪን ስትራንድ በስሙ በተሰየመው የበረዶ ሜዳ፣ ስሙ አሥራ አንድ ጊዜ በተጻፈበት የዋንጫ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሳጅን ቬርና ኦኬሞ ሬሳው ሳይነሣ ስሙን አንድ በአንድ ቆጠረችው። ለምርመራው ይጠቅመኛል ብላ አይደለም፤ ስለከነከናት ነው።

ከዋንጫው ሳጥን በላይ የ1968ቱ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ሺህ ነፍስ የማይሞላባት ከተማቸው ካርዴል የትልቁን ከተማ ልጆች በጭማሪ ሰዓት ሦስት ለሁለት አሸንፋ የወጣቶችን የበረዶ ሆኪ ብሔራዊ ዋንጫ ያመጣችበት ዓመት ነው። አሥራ ስምንት ጎረምሶች ዱላቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። የቬርና ወንድም ሳይመን በወንዙ በረዶ ላይ አሥራ ስምንቱንም ጥሏቸው ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከክሪዎቹ መንደር ልጅ የጠራ አልነበረም። ቬርና ዛሬ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ይቺን ፎቶ ባየች ቁጥር ግን ሆዷ እንደ ልጅነቷ ይቃጠላል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አታወጣለትም።

«ወድቆ ነው እንግዲህ» አለ የሜዳው ጠባቂ ኸርብ፣ የተጋደመውን መሰላል እያየ። «በሰባ ዓመቱ መሰላል ምን ያደርግለታል? ተው ብዬው ነበር።»

«መቼ ነው ተው ያልከው?»

«ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ያንን ሰሌዳ መኪና አምጥቶለት ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ፣ የበር ግማሽ የሚያክል ነገር በአገጩ አመለከተ። «እኔ ልስቀልልህ ብለው፣ አይሆንም፣ እስከ ቅዳሜው የዋንጫ በዓል ማንም እንዳያየው አለኝ። እኔም የሜዳው በረዶ እንዲለሰልስ ውሃ ላጠጣው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቡና ይዤለት ስመለስ እንዲህ ሆኗል። በሩን ቆልፌ ደወልኩልሽ።»

«ሰሌዳ መምጣቱን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሾፌሩና እኔ። ሾፌሩም ወዲያው ወደ ከተማ ተመልሷል።»

ቬርና ተንበረከከች። ቁስሉ ከጆሮው በላይ ነው፤ ረጅምና ቀጭን። ወለሉ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋ ነገር እንዲህ ያለ ቁስል አያወጣም። ቀና ስትል ዐይኗ ግድግዳው ላይ በሁለት ምስማር በተንጠለጠለው የአምበሉ ዱላ ላይ አረፈ። ኤልቪን የድሏን ጎል ያገባበት የሚባለው ዱላ ነው። እጀታው የዓመታት አቧራ ለብሷል። በረዶ የሚነካው ቀጭን እግሩ የተጠቀለለበት ጥቁር የጨርቅ ፕላስተር ግን አቧራ የሚባል የለበትም። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ሻማ ሻማ ይላል። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመልሳ የወጣቱን ኤልቪንን ዱላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ኸርብ፣ ይሄ ክፍል ተቆልፎ ይቆይ። ስለ ሰሌዳውም ትንፍሽ እንዳትል።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ ካርዴል ገዳዩን አግኝታ ጨርሳ ነበር። ሰው ሁሉ የጠራው የቡድኑን በረኛ፣ ኦረስት ናቲዩክን ነው። ከሟቹ ጋር ከተነጋገረ አምሳ ዓመቱ ነው፤ በዋዜማው ካንቲን ውስጥ ዝምታውን የሰበረው ለስድብ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ በጓሮ በር ሲወጣ ታይቷል። ከበላይ ቢሮም ስልክ ተደወለ። «ነገሩ ግልጽ አይደል እንዴ? እስከ ሰኞ ሰውየውን አስረሽ እንድትልኪው» ተባለች። ቬርና እሺ ብላ ስልኩን ዘጋችና መኪናዋን ወደ ኦረስት ቤት ነዳች።

ኦረስት ጥቅል ጎመን እያሞቀ ነበር። «መጣሽ?» አለ ዞር ሳይል። «ካቴናውን ከምሳ በኋላ ብታደርጊው ደስ ይለኛል።»

«ትናንት ምን አሉት?»

«በቁምህ ሐውልትህን ተከልክ፣ የቀረህ መቃብሩ ነው አልኩት። በማግስቱ ይሞትብኛል ብዬ ነው?»

«ይጠሉት ነበር?»

«እጠላው ነበር እንጂ! ሚስቱን ማቪስን መጀመሪያ ያጨኋት እኔ ነበርኩ። ዋንጫው የመጣ ዕለት ሕዝቡ እሱን በትከሻው ተሸከመ፤ በበጋው ቀለበቴን መለሰችልኝ። በዚያ ጨዋታ ሠላሳ ስድስት ጎል አድኛለሁ፤ እስቲ አንድ የሚያስታውስ ሰው ጥሪልኝ።»

«ጠዋትስ ሜዳው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

«በረዶው ውሃ ሲጠጣ አያለሁ። ሁልጊዜ እሄዳለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ማንንም አላነጋገርኩም፤ እኔን የሚያነጋግር ማን አለ?»

ከበሩ ሥር የልጅ ልጁ የበረኛ ዱላ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ፕላስተር ነው።

«ይሄን የጠቀለሉት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? በረኛ ጥቁር አይነካም። እኔ በዕድሜዬ ጥቁር ፕላስተር ገዝቼ አላውቅም።»

ቬርና ቀጥላ የሄደችበት ላይል ማክፌል ደግሞ የከተማው ቀልደኛ ነው። በዚያች የድል ጎል ጊዜ ከኤልቪን ጎን ይጫወት ነበር። ትራክተር ይሸጥበት ከነበረው ሱቁ ጀርባ ተቀምጦ ቬርናን ሲያይ ወንበር ሳበላት።

«ሳጅን፣ ጎሏ የኔ እንደነበረች ነግሬሽ አውቃለሁ?»

በየሠርጉ፣ በየክርስትናው አምሳ ዓመት ያወራት ቀልድ ናት። ቬርናም ሳቀችለት። «እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ግቡ አፍ ላይ ግርግር ሆነ፣ ጥቁሯ የመጫወቻ ጎማ ከመረቡ ገባች። ዳኛው በጣቱ ኤልቪንን አሳየ፣ ጸሐፊው ስትራንድ ብሎ ጻፈ። እኔ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ። እሱ ሜዳ ተሰየመለት፣ እኔ ትራክተር ሸጥኩ። ይኸው ነው!» ሳቁ ረዘመ። ዐይኑ ግን አብሮ አልሳቀም።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት፣ ካንቲን፣ ከሰው ጋር። ዛሬ ከዚህ አልወጣሁም። አይ ምስኪን! ስሙ አሥራ አንድ ቦታ ተጽፎ አልበቃው ብሎ፣ ያንን የሚያክል ሌላ ሰሌዳ ልስቀል ሲል ይሙት?»

ቬርና ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች፤ ምንም ሳትጽፍበት መልሳ ዘጋችው።

የሟቹ ሚስት ማቪስ የባሏን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት። ኤልቪን ሦስት ዓመት የለፋበት የሻምፒዮናው ታሪክ ነው፤ ሁሉም በእጁ ተጽፏል። በቀዘቀዘ ወንዝ ላይ በሁለት መንደር መካከል የተጀመረበት ዘመን አለ። በባቡር ሦስት ቀን ተጉዘው፣ ጫማቸው ተሰርቆ በተውሶ ጫማ ያሸነፉት ልጆች አሉ። ዋንጫው ጠፍቶ ከርሞ ፈረስ አጃ ሲበላበት የተገኘበት ዓመትም አለ። 1968 ሲደርስ ግን ርዕሱ ብቻ ተጽፎ ገጹ ባዶ ነው።

«ይሄኛውስ?» አለች ቬርና።

«ለቅዳሜ ነው ይለኝ ነበር። ዘንድሮ እንቅልፍ የሚባል አጥቶ ነበር። ምን ሆንክ ስለው፣ ቅዳሜ ይለፍና እንደ ሕፃን እተኛለሁ ይለኛል።» ማቪስ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ኦረስት አልገደለውም። ያ ሰውዬ የሚጠላውን በአደባባይ ነው የሚጠላው። እጁን ሊያነሣ ቢሆን አምሳ ዓመት አይጠብቅም ነበር።»

«በዓሉ ይቅር?»

«አይቀርም። ልጆቹ ዱላቸውን ይጠብቃሉ።»

የካርዴል ልማድ ነው፤ በዋንጫው ቀን የዚያ ቡድን አዛውንቶች ለትንንሾቹ ተጫዋቾች የዱላቸውን እግር በፕላስተር ይጠቀልላሉ። ቬርና ይህን ስትሰማ እጆቿን አፋተገች። ከዚያ ወደ ዋንጫው ክፍል ተመልሳ የሰሌዳውን ወረቀት ገለጥ አድርጋ አነበበችና፣ በተጋደመው መሰላል ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ቆየች። ስትነሣ ወረቀቱን እንደነበረ መልሳ ሸፈነችው፤ የአምበሉንም ዱላ ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱ በሜዳው አዳራሽ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጡ። ማቪስና ኸርብ ከአንድ ወገን፣ ኦረስትና ላይል ከሌላው ሆኑ። ሰሌዳው በወረቀቱ እንደተጠቀለለ፣ የ1968ቱ ፎቶም አጠገቡ፣ ጥግ ላይ ቆመዋል። በጠረጴዛው ላይ ሃያ አዲስ ዱላዎች፣ ነጭና ጥቁር ፕላስተር፣ ሁለት ሻማም አለ።

«እጃችን ሥራ ይዞ እንጫወት» አለች ቬርና። «ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።»

ኸርብ ፕላስተሩን እየቆጠበ አራርቆ ጠቀለለ። ማቪስ የባሏንና የሦስት ልጆቿን ዱላ ዕድሜዋን ስትጠቀልል የኖረች ናትና፣ ከዱላው እግር ተረከዝ ጀምራ አንድ ጣት ሳትተው እስከ ጫፉ ሸፈነችው። ኦረስት ሳያይ እጁን ሰድዶ ነጩን አነሣ።

«አሁንም በረኛ ነኝ ትላለህ?» አለው ላይል። «ሽማግሌው፣ ዘንድሮ ትራክተር ቢመጣብህ አታድንም።»

«ሻጩ አንተ ከሆንክ እኔ ጋ ሳይደርስ ይበላሻል» አለ ኦረስት። ኸርብ ሳቀ።

ላይል ከጫፉ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ተወ፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ተረከዙ ጠቀለለ። በአውራ ጣቱ ዳመጠው። በረዶ እንዳይጣበቅበት ሻማውን አንሥቶ ቀባው። አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ያዘ። ሦስተኛውን ሲጀምር ቬርና የአምበሉን ዱላ ከጨርቅ አውጥታ ፊቱ አጋደመችው።

«አሁን ፎቶውን ተመልከቱ» አለች። «ኤልቪን ዱላውን እስከ ጫፉ ነበር የሚጠቀልለው፤ ማቪስ አሁን እንዳደረገችው። ይሄ ዱላ አምሳ ዓመት እንደዚያ ሆኖ ተሰቅሎ ኖረ። ኤልቪን በሞተበት ጠዋት ግን ፕላስተሩ አዲስ፣ ጫፉ ሁለት ጣት ባዶ፣ ላዩ ሻማ የተቀባ ሆኖ አገኘሁት። ግማሹን ፈታሁት። ከሥሩ እንጨቱ ደም ጠጥቷል።»

ቬርና የዱላውን ባዶ ጫፍ በጣቷ ነካች።

«የመታው ሰው ደም የነካውን አሮጌ ፕላስተር ላጠው። ባዶ እንጨት ቢሰቅል ከተማው ሁሉ ያውቅበታል፤ ስለዚህ ከዋንጫው ክፍል መሳቢያ አዲስ ፕላስተርና ሻማ ወስዶ ጠቀለለ። ቸኩሏል፣ እጁም የሚያውቀውን ሠራ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ኦረስት ቢሆን ነጭ በሆነ ነበር። ኸርብ ቢሆን ይሄኔ እንጨቱ በየመካከሉ በታየ ነበር። ማቪስ ብትሆን እኔም ልዩነቱን ባላወቅኩት።»

የላይል እጅ ፕላስተሩን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ያሉትን ሁለት ዱላዎች አየ፤ የአምበሉንም አየ። ሦስቱም አንድ እጅ የሠራቸው ናቸው።

«ፕላስተር ነው እንግዲህ» አለ፣ ሊስቅ እየሞከረ። «በአገሩ እንደኔ የሚጠቀልል መቶ ሰው አለ።»

«ይኖራል። ግን ያ ሰሌዳ የመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሾፌሩና ከኸርብ ሌላ ያየው የለም፤ ክፍሉም ከዚያ ወዲህ ተቆልፏል። እርስዎ ደግሞ ከሱቅዎ ሳይወጡ ኤልቪን ትልቅ ሰሌዳ ሊሰቅል እንደነበረ ነገሩኝ። ስሙ አሥራ አንድ ቦታ መጻፉንም ነገሩኝ። የሰው ስም ግድግዳ ላይ ማን ይቆጥራል፣ ላይል? እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ለምን እንደቆጠርኩም አውቃለሁ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት አይሆንም። ቀልድዎ ቀልድ አልነበረም።»

ላይል ብዙ አልተከራከረም። ትከሻው ወረደ።

«ሳቀብኝ» አለ። «የመጨረሻውን ምዕራፍ አሳየኝ ብዬ በጠዋት ሄድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ጻፍ ልለው ነበር። ሳቀና፣ ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ጋር ትሰማዋለህ አለኝ። ከዚያ ዞሮ ለሰሌዳው ግድግዳውን ይለካ ጀመር። አሥራ ሁለተኛው ሊሆን ነው አልኩ በልቤ። ዱላውን ሳወርደው አላስታውስም።» ወደ ኦረስት አየ። «አንተን ይይዙብኛል ብዬ አላሰብኩም። ቢይዙህ ግን ዝም እል ነበር። እውነቱ ይሄ ነው።»

ኦረስት ነጩን ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ቬርና ወደ ጥጉ ሄዳ ወረቀቱን ቀደደችው። ከወፍራም እንጨት የተቀረጸ ሰሌዳ ነው። ድምፅዋን ሳታነሣ አነበበችው፦

«የ1968 ብሔራዊ ሻምፒዮና የድል ጎል ባለቤት፦ ላይል ማክፌል። ዱላዬ ጎማዋን አልነካትም፤ ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ። ኤልቪን።»

ላይል ከወንበሩ ተነሥቶ ተጠጋ። የስሙን ፊደላት በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው፤ ለማመን ያቃተው ይመስላል።

«ታዲያ ለምን ሳቀ?» አለ።

«ደስ ብሎት ነዋ» አለች ማቪስ። «ከስንት ዓመት በኋላ ሊተኛ ነበር።»

ቬርና ካቴናውን አወጣች፤ ግን ጣቱ ከመጨረሻው ፊደል እስኪደርስ ጠበቀችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ኸርብ ሰሌዳውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን ምን ላድርገው? ላቃጥለው?»

«ስቀለው» አለች ማቪስ። «ጎሉም የሱ ነው፤ ግድያውም የሱ ነው። አንዱን ከሌላው አንሰርቅለትም።»

ኸርብ መሰላሉን ሊያመጣ ሄደ። ኦረስትም ወንበሩን ወደ ማቪስ ሳብ አደረገና፣ የቀሩትን የልጆቹን ዱላዎች አብረው መጠቅለል ጀመሩ።