የመለከት ነፊው ጥርስ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ ከግርጌው ያለችው ሶዶ በማታውቀው ሥራ ተጠምዳ ነበር። ሕዝበ ውሳኔው አልፎ አዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቷል፤ ከተማይቱም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ እንድትሆን ተወስኗል። ከሐዋሳ የመጡ የጭነት መኪናዎች ጠረጴዛና ወንበር ያራግፋሉ፤ ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ የቢሮ ታፔላ ይሰቀልበታል፤ ባጃጆችም አዲስ የመጣውን ሹም ከነባሩ ነዋሪ ሳይለዩ በጭቃው ውስጥ ያመላልሳሉ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ከወላይታዋ ጉኑኖ ከተማ በሚኒባስ ተሳፍረው፣ ጉንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመው፣ ከመናኸሪያው በላይ ወዳለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ መጡ። አቶ ባዳቾ አንጁሎ ይባላሉ። ከጎናቸው የባህል ቢሮ ባልደረባ የሆነችው ልጃቸው ህብረት ነበረች፤ እርሷ በአንድ እጇ አባቷን ደግፋ በሌላው ስልክ ታወራለች።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ሰልዋ ጃዕፈር የሶዶ ልጅ ናት። አያቷ ከስልጤ ወርደው በከተማው ገበያ ጨውና ጨርቅ እየሸጡ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቷም እስከ ዛሬ ጅምላ አከፋፋይ ናቸው። እርሷ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ «ከሱቁ ሸሽታ የሰው አፍ ውስጥ ገባች» ብለው የቀለዱባት ዘመዶች አልጠፉም። ወላይትኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት የለመደችው ስለሆነ፣ ሽማግሌውን በራሳቸው ቋንቋ፣ አባቴ እንደ ማለት «አዋ» ብላ፣ ሰላም አለቻቸው።

«ሳሮ፣ አዋ ባዳቾ። የቱ ጋ ነው ያመመዎት?»

ሽማግሌው ነጠላውን ፈቱ። የላይኛው ከንፈራቸው አብጧል። ሁለቱ ትላልቅ የፊት ጥርሶች ሊኖሩበት ከሚገባው ቦታ የግራው የለም፤ የቀረው የቀኙ ደግሞ ጠቁሯል፤ ሰልዋ በጣቷ ስትነካው ሰውየው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ይነቀልላቸው ዶክተር» አለች ህብረት። «ጊፋታ ደርሷል። ክልሉ ከተመሠረተ የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። የጉኑኖ ዲንካ ሊነፋ መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል፤ እርሳቸው ደግሞ ትልቁን መለከት የሚይዙት ናቸው። ተነቅሎ ቢያርፉ ቁስሉ እስከዚያ ይሽራል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ አታውቅም» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «እሷ ወረቀት ነው የምትሠራ። ይሄ ጥርስ ከወጣ መለከት የለም።»

ሰልዋም ነገሩን እስኪያስረዷት ጠበቀች። በዲንካ ጓድ ውስጥ እያንዳንዱ የቀርከሃ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ድምፃቸውን ሲወረውሩ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ዜማው እንደ ፈረሰ አጥር ክፍት ይሆናል። ትልቁ መለከት ከባድ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ከንፈር ሲጫነው ከኋላ የሚደግፈው ጥርስ መኖር አለበት። የግራው ጥርስ ከወጣ ወዲህ መለከቱን ወደ ቀኝ አዙረው መንፋት ተምረዋል። የቀኙ ከሄደ የሚዞሩበት የላቸውም።

«የግራው እንዴት ወጣ?» ስትል ጠየቀች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስሟ ባይነሳ በሚሻል ሌላ ከተማ፣ አንድ ባለሙያ የጥርሱን ሥር እጠርጋለሁ ብሎ ገባ። በግምት ነበርና ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወጋ፤ ማጠቢያውን ፈሳሽ ሲጨምርበት ፈሳሹ ወደ ሥጋው ገብቶ ፊታቸው እስከ ዐይናቸው ድረስ አበጠ። ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ ጥርሱ ተነቀለ።

«ስለዚህ ዶክተር» አሉ ባዳቾ፣ «በግምት አትግቢብኝ። እርግጠኛ ካልሆንሽ አሁን ንገሪኝና እንደታመምኩ ልሂድ።»

የጥርስ ሥር ውስጡ ቦይ አለው፤ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር፣ ከድድ በላይ ጀምሮ እስከ ሥሩ ጫፍ የሚወርድ። ነርቩ ሲሞት ያ ቦይ በብክለት ይሞላል፤ ሐኪምም ቦዩን በቀጫጭን ሞረድ ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ይደፍነዋል። የሥራው ክብደት ሁሉ ያለው ልኩ ላይ ነው፤ ሞረዱ አጥሮ ከቀረ ጫፉ ላይ የተረሳው ብክለት ውሎ አድሮ ያመረቅዛል፤ ረዝሞ ካለፈ ደግሞ ሽማግሌው ያዩትን መዓት ያመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሩዝ ፍሬ ውፍረት አይበልጥም።

«ለክቼ እገባለሁ» አለች ሰልዋ። «ልኩን ካላገኘሁ አልገባም። ይህን ቃል እሰጥዎታለሁ።»

በዚያ ቀን መግሉን ብቻ አፍስሳ፣ መድኃኒት ሰጥታ ሸኘቻቸው። እብጠቱ ጎድሎ የተመለሱት ጳጉሜን ካለፈ በኋላ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ይልቃል፣ በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው በዚያው ወላይታን ቤቴ ያሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሐኪም ናቸው። ሰልዋ ባዳቾን ወንበሩ ላይ አጋድማ፣ ጥርሱን በጎማ ሽፋን ከምራቅ ለይታ፣ ከኋላ በኩል ከፍታ ቦዩን ስታገኝ እርሳቸው ከአጠገቧ ቆመው ያዩ ነበር። አስቀድሞ በተነሣው የራጅ ፎቶ ላይ ጥርሱ ከአናቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ሃያ አራት ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

ሰልዋ አንዲት የሬዲዮ ባትሪ የምታህል ሣጥን አወጣች። ከሣጥኗ የሚወጣውን አንዱን ሽቦ በሽማግሌው ከንፈር ላይ አንጠለጠለች፤ ሌላውን ቦዩ ውስጥ ካለው ሞረድ ጋር አያያዘች። መሣሪያዋ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ በጥርሱ ውስጥ አሳልፋ፣ የሞረዱ ጫፍ የቦዩ መውጫ ላይ ሲደርስ ታስታውቃለች። ሞረዱ ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፅዋ እየፈጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሳያቋርጥ አንድ ወጥ ጮኸ። ሰልዋ ሞረዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት ከጥርሱ አናት ጋር አስተካክላ አወጣችው፤ ማስመሪያው ላይ ስታስተኛው ሃያ ሁለት ሆነ።

«ሃያ ሁለት?» አሉ ይልቃል። «ፎቶው ሃያ አራት ይላል።»

«አዎ ዶክተር። በሁለት ይለያያሉ።»

«እንግዲያው መሣሪያሽ ተሳስቷል። ምራቅ ገብቶበት ይሆናል፤ ወይም ቦዩ ውስጥ ፈሳሽ በዝቶ። እኔ ይህች ሣጥን ስትዋሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።»

ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ሰልዋም ታውቃለች። ስለዚህ ከጥርሱ አናት ያለውን ውኃ በጥጥ አደረቀች፤ ሽቦዎቹን ጠርጋ እንደገና አያያዘች፤ ወፈር ባለ ሞረድም ለካች። መሣሪያዋ አሁንም በሃያ ሁለት ላይ ጮኸች። ሞረዱን እዚያው እንዳለ ትተው ሁለተኛ ፎቶ አነሡ፤ በፎቶው ላይ የሞረዱ ጫፍ ከሥሩ ጫፍ በግልጽ አጥሮ ይታያል።

«አየሽ?» አሉ ይልቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ። «አጥሯል። እዚያ ላይ ብታቆሚ ሁለት ሚሊሜትር ብክለት ትተሽ ትደፍኛለሽ። በጊፋታ ማግስት አብጠው ይመጡልሻል። ወደ ሃያ ሦስት ተኩል ውረጂ።»

ሰልዋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችው። የተማረችው ይህን ነበር፤ የቦዩ መውጫ ሁልጊዜ በሥሩ ጫፍ ላይ አይሆንም፤ አንዳንዱ ጥርስ ጫፉ ሳይደርስ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተከፈተ ደግሞ ጠፍጣፋ የሆነ ፎቶ አያሳየውም። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ያለው ነው፤ ከፊቷ ያለው ጥርስ እንደዚያ ይሁን አይሁን የሚነግራት የለም። መሣሪያዋን አምና ብታጥር፣ ሽማግሌውን ለበዓላቸው አሳብጣ ልትሰድ ነው፤ አለቃዋን አምና ብትወርድ፣ የግራውን ጥርስ የበላው ያው ስሕተት በእርሷ እጅ ሊደገም ነው።

«ከሌላ አቅጣጫ አንድ ፎቶ ላንሣ» አለች። «ጎኑን ካየሁ ይለያል።»

ፎቶውን ሊያነሡ ሲዘጋጁ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም ከሰንበት ወዲህ ተበላሽቶ ጠጋኝ ይጠብቅ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የቀረው የመስኮቱ ብርሃንና በባትሪ የምትሠራው ሣጥን ብቻ ነበሩ።

«ምን ሆነ?» አሉ ባዳቾ ከጎማው ሥር አፋቸው እንደተከፈተ፤ ንግግራቸው ለመረዳት ያስቸግር ነበር።

ሰልዋ ጎንበስ ብላ እውነቱን ነገረቻቸው። «ሁለት ልኬት አለኝ፣ አዋ። አይስማሙም። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም። እስኪስማሙ ድረስ ምንም አልጨምርም። ዛሬ ካልተስማሙ መድኃኒት አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ ሌላ ቀን ይመለሳሉ።»

ሽማግሌው በእጃቸው ቀጥዪ የሚል ምልክት ሰጡ።

ያኔ ሰልዋ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን አሮጌውን ዘዴ አሰበች። ቦዩን የሚያደርቁባቸው ከወረቀት የተሠሩ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ዘንጎች አሉ። ቦዩ ውስጥ ያለው ወረቀት ደረቅ ሆኖ ይወጣል፤ ከመውጫው አልፎ ሕያው ሥጋን የነካው ግን ጫፉ ይረጥባል፣ ይቀላልም። እርሷ ቦዩን ደጋግማ አደረቀች፤ ከዚያም አንዱን ወረቀት ይልቃል ባሉት ልክ፣ በሃያ ሦስት ተኩል ላይ ያዘችና በዝግታ አስገብታ አወጣችው።

የወረቀቱ ጫፍ ቀልቷል። ቅላቱን ማስመሪያው ላይ አስተኝታ ለካችው፤ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነበር። ሌላ ወረቀት በሃያ ሁለት ላይ አስገባች፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። በሃያ ሁለት ተኩል አስገባች፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ቀላ።

ወረቀቶቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ ለይልቃል አሳየቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ መስኮቱ ቀርበው፣ ብዙ ጊዜ አዩ።

«ቦዩ የሥሩ ጫፍ ሳይደርስ ወደ ጎን ተከፍቷል» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ ሦስት ተኩል ብወርድ ኖሮ ሥጋ ውስጥ ነበርኩ።» ከዚያም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ቀርተሽ ሥሪ። ማጠቢያውንም ቀስ ብለሽ፤ አትግፊው።»

«ደጋግሜ ባልለካ እኔም አላምነውም ነበር፣ ዶክተር» አለች ሰልዋ፤ እውነቷን ነበር።

በዚያ ቀን ቦዩ ተጠርጎና ታጥቦ መድኃኒት ተደረገበት፤ በሳምንቱ፣ መብራት ባለበት ጧት፣ በልኩ ተደፈነ። ባዳቾ ፊታቸው አላበጠም። ከወንበሩ ሲነሡ ከንፈራቸውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት።

«እንዴት ነው?» አለች ህብረት።

«ገና አልነፋሁበትም» አሉ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ በአንድ እሑድ ዋለ። ሜዳው ከየወረዳው በመጣ ሕዝብ ተሞላ፤ በጥቁር፣ በቀይና በቢጫ የተሸለመ ባህላዊ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። ሰልዋም ከአባቷ ጋር ከሕዝቡ መካከል ቆማለች። ንግግሩ ረዘመ፤ ክቡራን እንግዶች አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ስለ አዲሱ ክልል ተናገሩ። የጉኑኖ ዲንካ ተራው ሲደርስ መርሐ ግብሩ ሰዓቱን አልፎ ስለነበር፣ ህብረት እየሮጠች መጥታ ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደተሰጣቸው ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው ዜማ እኩሌታ ላይ ደግሞ የድምፅ ማጉያው ተከፍቶ የአንድ አርቲስት ሙዚቃ ለቀቀ፤ መለከቶቹ ከሥሩ ሆነው ቀጠሉ።

የቆመችበት ቦታ ቅርብ ስለነበር ሰልዋ ትልቁን መለከት ለይታ ሰማችው። በተራው ይገባል፤ በተራው ያርፋል፤ አንድ ጊዜም አልጎደለም። አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ያ ነው ሰውዬሽ?» አሏት። እርሷም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ዲንካው ሲያበቃ ባዳቾ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እርሷ መጡ። ስለ ማጉያው ምንም አላሉም። «ወደ መካከል መለስኩት» አሏት፤ መለከቱን ማለታቸው ነበር። «ወደ ቀኝ አዙሬ መንፋት ትቻለሁ። ጥርሱ ቻለ። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ፤ ጋላታይስ።»

ባዳቾ በመጋቢት ለክትትል መጥተው ነበር። ይልቃል ራሳቸው ፎቶውን ከጎን አነሡት፤ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የነበረው ጥቁር ጥላ ጠብቦ አጥንቱ እየሞላ ነው፤ ቦዩም ከጫፉ በፊት ወደ ኋላ ታጥፎ ይታያል። ከዚያም ፎቶውን ለሰልዋ አቀበሏትና ወደ ሌላ ታካሚ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩ ሥር የሚጠረግለት ሰው ሁሉ በሣጥኗም በፎቶውም ይለካል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም አይቸኩልም።

የዚያን ዓመት ነገር የሚጽፉ ሰዎች ሶዶ የክልል መቀመጫ መሆኗን፣ ቢሮዎች ከየት ወዴት እንደ ተዛወሩ፣ በበዓሉ ሜዳ ማን ምን እንደ ተናገረ ይጽፋሉ፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። ለቴሌቪዥን በተቀረጸው ምስል ላይ የጉኑኖ መለከተኞች ለአፍታ ታይተው ያልፋሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም፤ ስማቸውም አልተጠቀሰም። በመንግሥት መዝገብ የሚቀመጠው የአገር ወሰን ነው፤ የአንድ ሰው ጥርስ ሥር የት እንደሚያበቃ ማንም አይጠይቅም። ባይጠየቅም ልኩ ተለክቷል፤ የተለካላቸው ሰውም አሉ። ጉኑኖ ይኖራሉ፤ ሠርግም ልቅሶም ሲኖር ይጠራሉ፤ ይነፋሉ።