ሁለት ጣት ወደ ምሥራቅ

በንጉሥ ዛርሞን ዘመነ መንግሥት በዘጠነኛው ዓመት፣ ፀሐይ በጌልማ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ የኤልፋን ረግረግ ከበው ከቆሙት ሰባት ድንጋዮች ስድስቱ በአንድ ጊዜ ተሰነጠቁ። ድምፁ እስከ ቤተ መንግሥቱ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ስድስቱም አሸዋ ሆነው ፈሰሱ። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በጌልማ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በረግረጉ ውስጥ ዙሞት የተባለው አውሬ ተኝቷል። ዙሞትን የሚይዘው ግንብ አይደለም፤ መስመር ነው። ከመጀመሪያው ድንጋይ ተነሥቶ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ አቅጣጫውና ርቀቱ እየተለካ፣ ረግረጉን ዞሮ ተመልሶ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ የሚገጥም መስመር። ካልገጠመ ክፍተቱ በር ይሆናል። አዲስ መስመር ለመዘርጋት ያለው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ዙሞት ይወጣል።

ንጉሡ ናርዳን አስጠራት። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ በመንግሥቱ የቀረች ብቸኛ ቀያሽ እሷ ነች።

«በአባቴ ቱምቢ እምላለሁ» አለች በዙፋኑ ፊት ቆማ። «መስመሩ ሳይገጥም ገጠመ አልልም። ስሕተቴን አልሸሽግም። የቅየሳ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሳይቆም አላነብም።»

«መሐላሽ ረጅም ነው፤ ቀኑ አጭር» አለ ንጉሡ። «ሂጂ።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዷ ለአባቷ ሠላሳ ዓመት የመዳብ መለኪያ ሰንሰለት የጎተተችው አሮጊቷ ዛልቃ ናት። ሌላው የዘበኞች አለቃ በርጋ ነው። በርጋ ከሰማይ ከወደቀ ብረት የተቀጠቀጠውን ነዲድ የተባለ ሰይፍ ታጥቋል። ዙሞት በዓለም ላይ የሚፈራው እሱን ብቻ ነው ይባላል።

የቀያሾች ሕግ ቀላል ነው። ችካል ላይ ትቆማለህ፤ በሰሜን መርፌው መጀመሪያ የመጣህበትን የኋላውን ችካል፣ ቀጥሎ የምትሄድበትን የፊቱን ታነባለህ። ከወዲህ ያነበብከውና ከወዲያ ያነበብከው በመቶ ሰማንያ ዲግሪ ካልተለያዩ አንዱ ውሸት ነው። ናርዳ ግን በሁለተኛው ቀን ሲነሡ የፊቱን ብቻ እያነበበች ወደፊት ገሰገሰች።

«አባትሽ የኋላውን ሳያነብ እግሩን አያነሣም ነበር» አለች ዛልቃ።

«አባቴ ሦስት ቀን ብቻ አልተሰጠውም።»

«እግርሽ ነው የሱን የወረሰው፤ ጭንቅላትሽስ እንጃ።»

ቀኑን ሙሉ በርጋ ከመርፌው ርቆ ይጠብቅ ነበር። አራተኛው ችካል ላይ ግን ሣሩ ሲንቀሳቀስ አየና ሰይፉን መዝዞ መጣ፤ ናርዳ አንብባ እስክትጨርስ ትከሻዋ አጠገብ ቆመ። እሷም ደስ አላት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዙሩን ጨረሱ። የመጨረሻው ችካል ከመጀመሪያው ድንጋይ ዘጠኝ ክንድ ርቆ አረፈ።

የንጉሡ አማካሪ ኦርዛ አዲሶቹን ድንጋዮች ከተሸካሚዎች ጋር ይዞ እዚያ ይጠብቅ ነበር። «ዘጠኝ ክንድ ለሰባት ሲካፈል ምን አላት?» አለ። «ለያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አድርሺውና ይግጠም።»

«የሚካፈለው የእጅ መንቀጥቀጥና የዓይን ድካም ነው፤ ጣት ነው፣ ቢበዛ ስንዝር። ዘጠኝ ክንድ አንድ ቦታ የተቀመጠ ጥፋት ነው። ስድስት ንጹሐንን አጣምሜ አንድ ጥፋተኛ አልሸፍንም።»

«ፀሐይዋን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም ይበሉልኝ።»

ተንበርክካ ሰባቱን መስመሮች አፈሩ ላይ ሣለች። የርቀት ስሕተት መስመሩን በቁመቱ ይገፋዋል፤ የአቅጣጫ ስሕተት ደግሞ በጎኑ። ክፍተቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። የሰንሰለቱን ቁጥር ዛልቃ ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ፣ አቅጣጫው የተዛባ መስመር መሆን አለበት። እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው።

መርፌዋን አንሥታ ወደ በርጋ ሰይፍ አስጠጋችው። መርፌው ተንቀጠቀጠና ዞረ።

በርጋ ከመርፌው ወደ ሰይፉ አየ። «ስለዚህ ያጣመምኩት እኔ ነኝ።»

«የኋላውን ባነብ ኖሮ እዚያው ይታየኝ ነበር» አለች ናርዳ። «ያላነበብኩት እኔ ነኝ።»

በርጋ ሰይፉን ፈትቶ ለኦርዛ ሰጠው። «ይያዙልኝ፤ ይከብዳል።» ኦርዛ ጎበጠ።

«ጫማህም ሚስማር አለው» አለች ዛልቃ። «አውልቅ።»

«የቀበቶዬስ ማያያዣ?»

«ሱሪህን በገመድ እሰር። እዚያ የሚያይህ ዙሞት ብቻ ነው።»

አራተኛው ችካል ሲደርሱ ናርዳ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን አነበበች። የፊቱ ከትናንቱ ከአንድ ዲግሪ በጥቂት የበለጠ ልዩነት ነበረው። አራት መቶ ክንድ ለክታ አምስተኛውን በአዲሱ ቦታ ልትተክል ተነሣች። ግን እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ከዚያ ሆና ወደ ኋላ ስታነብ አንድ ሰው አራተኛው ላይ ዘንግ ይዞ መቆም አለበት። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከሩቅ የሚታየው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው።

«ነጭ ጨርቅ ሳነሣ ሩጥ» አለችው በርጋን። «እስከዚያ ዘንጉ እንዳይዘም።»

«ቢዘምስ?»

«የማነበው ውሸት ይሆናል።»

«ገባኝ» አለ በርጋ፤ ዘንጉንም በሁለት እጁ ያዘ።

አምስተኛው ላይ የመርፌውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አቆመች፤ ቱምቢውን በችካሉ አናት ላይ አወረደች፤ መርፌውን ለቀቀች። መርፌው ይወዛወዝ ጀመር። ያን ጊዜ ከረግረጉ መካከል ሣሩ ተከፈለ። ክፍተቱ ሳይቸኩል፣ በቀጥታ ወደ አራተኛው ችካል ይሄድ ነበር።

«ናርዳ» አለች ዛልቃ።

«አይቻለሁ።»

«ዘንግ በእጁ ነው፤ ይምታበት እንጂ።»

«እንዳይነቀንቀው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

መርፌው ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። መርፌን ማስቸኮል አይቻልም። ጨርቁ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ አላነሣችውም። የሣሩ ክፍተት ዘንጉ ሥር ደርሶ ቆመ። የዘንጉ ጫፍ አንድ ጊዜ በኃይል ተናወጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰና ቀጥ አለ። ናርዳ በሕይወቷ እንደዚያ ቀጥ ያለ ዘንግ አይታ አታውቅም።

መርፌው ቆመ። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ዛልቃ ጻፈች። ልዩነቱ ልክ መቶ ሰማንያ።

ጨርቁን አነሣች። ዘንጉ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ አውለበለበች። ያን ጊዜ ዘንጉ በዝግታ አጋደለና ሣሩ ውስጥ ገባ።

«ሦስት መስመር ይቀረናል» አለች ናርዳ። «ሰንሰለቱን ያዢ።»

ዛልቃ አየቻት፤ ያዘች።

በስድስተኛውም በሰባተኛውም የኋላውን ሳታነብ እግሯን አላነሣችም። የሰንሰለቱ ጫፍ ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ሲደርስ የፀሐይዋ ጠርዝ ተራራውን ነክቶ ነበር። ክፍተቱን በእጇ ለካችው። አራት ጣት።

«ገጥሟል» አለች።

ከረግረጉ የተሰማው ድምፅ የጩኸት ሳይሆን የመሳብ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሣሩ ሁሉ ወደ መካከል ተጋደመ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አራቱን ጣት በየመስመሩ ርዝመት አካፈለች፤ ተሸካሚዎቹም ድንጋዮቹን መትከል ጀመሩ። አራተኛው ላይ በርጋን አገኙት። ተንበርክኮ ነበር፤ እጆቹ ዘንጉን አልለቀቁም፤ የዘንጉም እግር ከችካሉ አናት አልተነቀነቀም። ኦርዛ ነዲድን አምጥቶ አጠገቡ አኖረ።

«ድንጋዩን እሱ በቆመበት ላይ እንትከለው» አለ ኦርዛ። «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህን ነው።»

ናርዳ ድርሻውን ለክታ ምልክት አደረገች። «ሁለት ጣት ወደ ምሥራቅ።»

«ለሁለት ጣት ብለሽ?»

ናርዳ የዘንጉን እግር፣ ከችካሉ አናት ያልተነቀነቀውን፣ በጣቷ አሳየችው።

«እሱ ለስንት ጣት የቆመ መሰልዎ?» አለች፤ ተሸካሚዎቹንም ጠራች።