ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ሽብሩ ጠዋት ከሥራ በፊት ግቢው መሀል ያለችው ኒም ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ ወገቡን ያዳምጣል። ወገቡ ከፈቀደ ይሠራል፤ ካልፈቀደም ይሠራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድሬዳዋን በታክሲ ሲዞራት ኖሮ፣ ታክሲዋ አልነሳ ስትለው መሪዋን ነቅሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለና እዚያው ግቢው ውስጥ የሰው መኪና ኤሌትሪክ መጠገን ጀመረ። አሁን ግን በቃው። ለሚስቱ ለዘርፌ፣ "ይቺ መኪና የመጨረሻዬ ናት። ከቅዳሜ በኋላ ካቻቢቴ ይዤ ካየሽኝ እጄን ቁረጪው!" ብሎ ምሎላታል። ዘርፌም አምናው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን አራግፋለች። ፍል ውሃ ሊሄዱ ነው፤ ወገቡን ሊነክረው፣ እሷም አንዴ እንኳን ሳትነሳ ቁጭ ልትል።

መኪናዋ ባለሁለት ወንበር የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ቀይ፣ ጠፍጣፋ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፤ ሰው አይገባባትም፣ ይወድቅባታል እንጂ። ያመጣቻት ባሏ በቅርብ የሞተባት ወይዘሮ አስካለ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ መኪናዋን አስጎትታ፣ ሦስት መሪ በጆንያ ተሸክማ መጣች።

"እንጨቱ የአማቴ ነበር፣ ጥቁሩ የባሌ ወንድም፣ ቆዳ የለበሰው የባሌ። ሦስቱም አርፈዋል። ቅዳሜ ገዢ ይወስዳታል፤ ክላክሱን ዝም አሰኝልኝ።"

"ምን ያደርጋል?"

"የትኛውም መሪ ተገጥሞ ወደ ግራ ሲዞር፣ በር ላይ እንደቆመ ሰው ይጠራል።"

"በነዚህ መሪዎች አልሆን ቢለኝስ?"

"የኛ ቤት ያልሆነ መሪ ፈልግላት" አለችና ወጣች። የውጩን በር ራሷ ዘጋችው፤ ከዘጋችው በኋላም ሁለቴ ገፍታ ሞከረችው።

እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲጋደም፣ ቆርቆሮው በሙቀት ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ሽብሩ የእንጨቱን መሪ ገጥሞ ወደ ግራ አዞረው። ክላክሱ ጮኸ። አንድ፣ ረጅም፣ የማይቸኩል፣ የሽማግሌ ክላክስ።

የዘርፌ እግር ከጭንቅላቷ በፊት ነው የሚሰማው። ሃያ ሁለት ዓመት ክላክስ ሲጮህ በር ከፍታለች፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሮጣ ከፈተችው። መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበር።

"ማነው?"

"ማንም የለም፣ ክላክሱ ነው!"

"እግሬን መጫወቻ አደረግከው አቦ!" በሩን ዘጋች።

በሩ ሥር የተኛው ውሻቸው ቦቢ ግን ተነስቶ መንገድ ለቀቀ። አንድ ነገር በዓይኑ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መኪናዋ ድረስ አንገቱን አዞረ። መኪናዋ የጣት ስፋት ያህል ዝቅ አለች። ሽብሩን ሱረት ሸተተው። ቤቱ ውስጥ ሱረት የሚወስድ ሰው የለም።

"ሙቀቱ ነው" አለ ለራሱ፤ የድሬ ሰው ሁሉን ነገር በሙቀት ያሳብባል። ከመሪው ሥር ያለችውን የመዳብ ቀለበት በጨርቅ ጠረገ፣ የተላጠውን ሽቦ በፕላስተር ጠቀለለ፣ ጥቁሩን መሪ ገጠመ። ወደ ግራ አዞረው። ሦስት ፈጣን፣ ጭቅጭቅ የሚል ክላክስ ጮኸ። ዘርፌ ሮጠች፣ ከፈተች፣ "ማነው?" አለች። "ማንም የለም፣ ክላክሱ ነው" አለ። ቦቢ ጅራቱን ወትፎ መንገድ ለቀቀ። የፀጉር ቅባት ሸተተ። ከጎኑ ያለው ወንበር ቆዳ፣ አንድ ሰው እንደተቀመጠበት ፉስ ብሎ አየሩን ተነፈሰ፤ ወደነበረበትም አልተመለሰ።

ሽብሩ መፍራት ነበረበት፤ ግን መፍራትም ጉልበት ይጠይቃል። የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ኮፋኖውን ከፍቶ ክላክሱን ራሱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አሁን ቆዳ የለበሰውን መሪ ገጥሞ አዞረ። ሩቅ ያለ፣ የታፈነ፣ የማያባራ ጩኸት መጣ፤ ግንባሩን መሪ ላይ ደፍቶ የቀረ ሰው ዓይነት። ዘርፌ በሩን እስክትከፍት ድረስ አላቆመም። በዚህኛው ጊዜ ማነው ብላ አልጠየቀችም። መኪናዋ እንደገና ዝቅ አለች። ባለሁለት ወንበር መኪና ሦስት ሰው ጫነች ማለት ነው፤ ትራፊክ ቢያገኛት ይቀጣታል።

ሲመሽ፣ ኒሟ ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። የታክሲዋ መሪ። በሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሁለት ቦታ ላይ መዳፉ ያለሰለሰው። የነአስካለ ቤት ያልሆነ መሪ። አውርዶ ገጠመው። መዶሻ አልፈለገም፣ አልተከራከረውም፤ የራስ ጫማ እንደሚገባ ገባ። ወንበሩ ለወገቡ ልኩን ሆኖ ተቀበለው። ከስንት ዓመቱ ወገቡ መታመሙን ተወ። ዓይኑን ጨፈነና ወደ ግራ አዞረው።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

የሱ ክላክስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ቤቱ ሲደርስ ያሰማው የነበረው። ክላክሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ድምፁ የመጣው ግን ከበሩ ውጪ ነው።

"መጣሁ፣ መጣሁ!" አለች ዘርፌ፤ ድምፅዋ ያኔ የነበረው ዓይነት ሆነ። ሽብሩ "እንዳትከፍቺ!" ሊላት አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣው። ትከሻው ላይ ከኋላ የሆነ እጅ አረፈ፤ እንደ ማባበል ዓይነት። ሱረት ሱረት ይሸታል። የበሩ መቀርቀሪያ ተሳበ።

ቦቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቱን ቆላ።

"ምነው ቆየህ?" አለች ዘርፌ እየሳቀች። "ሻንጣውን ጨርሻለሁ።" ግቢው ጠጠር ላይ ሁለት ሰው ሲራመድ ሽብሩ ከመኪናዋ ውስጥ ሰማ፤ አንደኛው፣ ወገቡን እንደሚያመው ሰው፣ ግራ እግሩን ይጎትታል። ኒሟ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"እኔ ምልህ፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው ማነው?"

"ማንም የለም" አለ የሽብሩ ድምፅ፣ ከዘርፌ ጎን፣ ደከም ብሎ፤ "ክላክሱ ነው።"