ኤክሱን ያየው ማነው?

«ዓይንህን ለጌጥ ነው ይዘኸው የምትዞረው?»

ይህን ያለው የኬሚስትሪው መምህር ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ ከእረፍት መልስ፣ መስኮቱ ጥግ ካለው የላቦራቶሪ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። መምህሩ ምናልባት ምሳ ሳይደርስ ረስቶታል። በቁመቱ ምክንያት «ሎጋው» የሚሉት ተማሪ ግን፣ ሰውዬው ሲናገር የትኛው ጥርሱ እንደታየ ሳይቀር ያስታውሳል። ቀድሞ የሳቀውንም ያስታውሳል፦ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ጩሉሌ ነበር።

ሥራው ቀላል ነበር። ኤክስ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ቢከር የሚሉት የላቦራቶሪ ብርጭቆ ይቀመጣል። ታዮሰልፌት በሚባለው ፈሳሽ ላይ አሲድ ሲጨመር ድኝ ይፈጠርና ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወተት ይመስላል። ከላይ ለሚያየው ሰው ኤክሱ እስኪጠፋ የፈጀው ጊዜ ይመዘገባል። ታዮሰልፌቱ በውኃ እየቀጠነ ይህ አምስት ጊዜ ይደገማል፤ በቀጠነ ቁጥር አጸግብሮቱ፣ ማለትም የኬሚካሎቹ ለውጥ፣ ይዘገያል።

ሎጋው ሩቁን አጥርቶ ያያል፤ ቅርቡ ነው የሚደበዝዝበት። መጽሐፍ የሚያነበው ክንዱን ዘርግቶ ነው፣ እሱም ሰው በሌለበት። ሰበብ ፈለገ እንዳይሉት ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ኤክሱ ከሌሎቹ ቀድሞ ጠፋበት። ሦስቱን እንዳየ መምህሩ የመዘገበውን ጊዜ ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር አስተያየና ያን ስድብ ወረወረ። «የቀሩትን ሁለቱን ጓደኛህ ይይ!»

በማግስቱ ሎጋው ፍጥነቱን አስልቶ ነጥቦቹን ግራፍ ወረቀት ላይ አሰፈረ። የራሱ ሦስቱ ማስመሪያው ጠርዝ ላይ ልክክ አሉ። የጩሉሌ ሁለቱ ከመስመሩ ወርደው ቀሩ።

«አቦ አታካብድ» አለ ጩሉሌ። «ከፊታችን የሚቀመጡትን ልጆች ውጤት ገልብጠን እንስጥ። ይሄ ማርክ ከሌለህ ሳይንስ ክፍል አትገባም።»

«የኔ ሦስቱ ልክ ናቸው።»

«ቲቸር ተሳስቷል ልትል ነው?»

«እኔ ላይ ቶሎ ይጠፋል፤ ግን አምስቱንም እኔ ባያቸው ሁሉም ላይ በዚያው ልክ ነው ቶሎ የሚጠፋው። የተበላሸው መሐል ላይ ዓይን ስንቀይር ነው።»

«ችክ አልክ እንግዲህ! ብቻህን ተወጣው።»

ብቻውን ሊወጣው በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪ ሄደ። «እትዬ፣ የተረፈ ታዮሰልፌት አለ?»

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ምሳ ዕቃዋን ከድና ቁልፉን አነሳች። «ቢከር ከሰበርክ እኔና አንተ ተጣላን!»

አምስቱንም ራሱ አየ። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ በአንድ ከፍታ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው በተሰደበው ዓይኑ። ኤክሱ አሁንም ቶሎ ጠፋበት፤ ይጥፋ! ሲጨርስ አምስቱ ነጥቦች ማስመሪያው ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሎጋው ሳቀ፤ የደስታ አልነበረም፣ የእልህ ነው።

መምህሩ ወረቀቱን የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀበለው። ማስመሪያ አስጠግቶ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«መስመሩስ ቀጥ ብሏል» አለ እያቅማማ። «ማን አየልህ?»

«እኔ ነኝ ያየሁት፣ ቲቸር።»

«አንተማ እንደማታይ አይተናል። ጓደኛህ ነው አይደል?»

ጩሉሌ በሩ ላይ ቆሟል። «እሺ በለውና እንገላገል» እንደማለት ጠቀሰው።

መምህሩ እስክሪብቶ ዘረጋለት። «እዚህ ጋ፣ ‹ኤክሱን ያየው› በሚለው ላይ፣ ስምህን ሰርዝና የሱን ጻፍ። አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ ሳይንስ ክፍልህን ትገባለህ። አለበለዚያ ዜሮ ነው። ምን ትላለህ?»

ሎጋው እስክሪብቶውን ተቀበለ። ወረቀቱን አነሳና፣ መምህራኑ ሁሉ እያዩት፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ አርቆ ያዘው። ስሙ ጥርት ብሎ ታየው። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰና ከስሙ ሥር ወፍራም መስመር አሰመረ። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠ።

«ምን ትላለህ እኮ ነው የምልህ!»

ሎጋው በጩሉሌ አጠገብ አልፎ ወጣ።